ክኒን የማይበግረው ጭርት

እመት ሻጋታ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ሲያወጡላት ክፋት አልነበረበትም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ከሰው ቆዳ፣ ከሰው ጥፍርና ከሰው ጸጉር ላይ ተፍቆ የሚመጣላትን ብናኝ በሳህን ላይ ማብቀል ነበር። ሌላው ሰው ሻጋታ ሲያይ አፍንጫውን ይዞ ይጥላል፤ እሷ ግን ታሳድገዋለች፣ ዘሩን ትለያለች፣ ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚያቆመው ትፈትናለች። ክፋቱ የገባበት ስሙ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቶ እስከ ቤቷ ሲከተላት ነው። ይዛው የገባችው ደግሞ የባሏ ታላቅ እህት ናት።

የባሏ እህት የቆዳ ሐኪም ናት። ጠዋት ጠዋት እዚያው ሆስፒታል ትሠራለች፤ ከሰዓት የራሷን ክሊኒክ ትከፍታለች። የሚኖሩት ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ፎቁ ላይ ሐኪሟ ብቻዋን፣ ምድር ቤት እናቷ፣ ወንድሟ፣ የወንድሟ ሚስትና የሰባት ዓመት ልጃቸው። እንግዲህ እመት ሻጋታ ጠዋት በሥራ ቦታ «ዶክተር» የምትላትን ሴት ማታ ደረጃው ሥር ስታገኛት «እትዬ» ትላታለች። በሁለቱም ቦታ አንቱ እያለች ነው። ሐኪሟ በሁለቱም ቦታ አንቺ ትላታለች፤ ያውም ዓይኗን ከስልኳ ላይ ሳታነሳ።

የጠቡ መነሻ ይሄ ነው የሚባል ቀን የለውም። ሐኪሟ ወንድሟ ከትልቅ ቤት እንዲያገባ ፈልጋ ነበር፤ እሱ ደግሞ መስኮት ከሌለው ክፍል፣ ከላብራቶሪ አገባ። ከዚያ ወዲህ የላብራቶሪው ውጤት ሐኪሟ ካሰበችው ጋር ካልገጠመ «እስቲ እጇን ታጥባ ትድገመው» ብላ በሰው ፊት ትመልሰዋለች። እመት ሻጋታም የዋዛ አይደለችም፤ ሥራውን ትደግምና ያንኑ ቁጥር ጽፋ፣ ከሥሩ «እጅ ታጥቦ ተደግሟል» የሚል መስመር ጨምራ ትልክላታለች። እንዲህ እየተጎሻሸሙ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ።

ነገሩ የከረረው አማቲቱ ወገባቸው ላይ ጭርት ሲወጣባቸው ነው። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል ቀይ ክብ ነበረች። «ቀላል ነው እማዬ» አለች ሐኪሟ፤ የሚቀባ ቅባትና የሚዋጥ ክኒን፣ ተርቢናፊን የሚሉትን፣ ሰጠቻቸው። ቅባቱ ማሳከኩን በሁለት ቀን ዝም አሰኘው። አማቲቱም ላገኙት ሰው ሁሉ የልጃቸውን እጅ አወሩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ክቧ ሰፋች፤ ጎኗ ላይ ሌላ ወለደች፤ ከዚያ ወደ ጀርባ ዞረች። ሐኪሟ ክኒኑን እጥፍ አደረገችው። ጭርቱ ክኒኑን ከቁብ አልቆጠረውም። አማቲቱ ሌሊት ሲያኩ አድረው ጠዋት ፊታቸው እንደ ደመና ጠቁሮ ይነሱ ጀመር።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ የልጅቷ አንገት ላይ ወጣ።

ያን ዕለት ማታ ራት ሳይቀርብ ሐኪሟ ከፎቅ ወረደች። የልጅቷን አንገት በስልኳ መብራት አየችና ቀና ብላ የተናገረችው ለእናትየው ሳይሆን ለወንድሟ ነው።

«ይሄ ከላብራቶሪ የመጣ ነው» አለች። «ሚስትህ ቀኑን ሙሉ ስታሳድገው ትውልና በልብሷ ይዛው ትገባለች። እማዬንም ያስያዘቻት እሷ ናት። እኔ ከላይ እየገደልኩ እሷ ከታች እየዘራች፣ መድኃኒቱ እንዴት አድርጎ ይሥራ?»

ባልየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለሽቦ ደፋር፣ ለእህቱ ግን ምላሱ የሚተሳሰር ሰው። ሚስቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ወለሉን።

«የሥራ ልብሴን እዚያው ነው አውልቄ የምመጣው» አለች እመት ሻጋታ። «ጓንት አደርጋለሁ። ሳህኖቹ የሚከፈቱት አየር በሚስብ መስታወት ሥር ነው። እትዬ፣ ክፍሉን ያውቁታል እኮ።»

«አውቀዋለሁ። የማላውቀው አንቺን ነው» አለች ሐኪሟ፤ ደረጃውን ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ አማቲቱ በሩ ላይ ሳፋና ሳሙና አስቀመጡ። ምራታቸው ከሥራ ስትመጣ እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ጫማዋን ውጭ ትታ እንድትገባ ታዘዘች። የነካችውን የበር እጀታ እያየቻቸው በበረኪና ይጠርጉታል። ፎጣዋ ከሌላው ተለይቶ መታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ይሄን ሁሉ ቻለችው። አንጀቷን ያሳረራት ልጅቷ ናት። አያቷ «የእናትሽ እጅ ንጹሕ አይደለም» ብለው ነግረዋት ኖሮ፣ አንድ ቀን ልትስማት ጎንበስ ስትል ልጅቷ አንገቷን በመዳፏ ሸፍና ወደ ኋላ አለች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው፤ ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ምናልባት ጓንቴ ተቀድዶ ይሆን? ምናልባት የቦርሳዬ ማንገቻ ጠረጴዛ ነክቶ ይሆን? እያለች የቦርሳዋን እጀታ፣ የጫማዋን ሶል፣ የሹራቧን እጅጌና የገዛ ጥፍሮቿን ሥር እየነካች ሳህን ላይ አሳረፈች። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ከጫማዋ ሶል የዳቦ ሻጋታ በቀለ፤ ከሌላው ምንም።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ ከበሽተኞቹ ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። ናሙና ለመውሰድ ደግሞ ሐኪም የፈረመበት ቅጽ ያስፈልጋል። ቅጹን ሞልታ ይዛ፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ግራና ቀኝ በተቀመጡበት ኮሪደር ሐኪሟን አቆመቻት።

«ዶክተር፣ ለእማማና ለልጅቷ ነው። መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ልፈትነው።»

«እናቴን ለማከም ላንቺ ማመልከት አለብኝ?» አለች ሐኪሟ፤ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። «ክኒን የማይሠራው ሰው ሳይውጠው ሲቀር ወይም ቤቱ ሲቆሽሽ ነው። እናቴ ትውጣለች። ስለዚህ ቤትሽን አጽጂ።» ቅጹን ሳታየው መለሰችላት። አንዱ ወረፋ ጠባቂ ሳቀ፤ ለምን እንደሳቀ እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ቅዳሜ ጠዋት እመት ሻጋታ ደነዝ ምላጭ፣ አልኮልና የታጠፈ ጥቁር ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ልጇን መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻት። ልጄ ናት፣ ለልጄ የማንንም ፊርማ አልለምንም አለች በልቧ። ያንገቷን ክብ ጠርዝ ቀስ አድርጋ ስትፍቅ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ረገፈ። ቀና ስትል አማቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ናሙና ነው እማማ። የትኛው መድኃኒት እንደሚይዘው አያለሁ።»

አማቲቱ ገብተው ወንበር ስበው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡና ሹራባቸውን ከፍ አደረጉ።

«የኔንም ፋቂ» አሉ። «ካንቺ ልብስ የመጣ ከሆነ የገዛ ወረቀትሽ ይመስክርብሽ።»

ጀርባቸውን ስታይ ደነገጠች። ከወገብ እስከ ትከሻ ክብ በክብ ላይ፣ እንደ ካርታ ሆኗል። ሌላ ወረቀት ዘርግታ ፋቀች።

ናሙናው በሳህን ላይ እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ወሰደ። የበቀለው ከሁለቱም ነጭ፣ ጠርዙ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ፈንገስ ነው። ቀጥሎ የመድኃኒት ፈተናው መጣ። ለዚህ የምትጠቀምበት መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ ሰሌዳ ናት፤ ስምንት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ሁለት ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏት። መድኃኒቱ አንደኛው ጉድጓድ ላይ እጅግ ቀጥኖ ይጀምርና እስከ አሥረኛው እጥፍ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። በሁሉም ላይ እኩል የፈንገስ ዘር ይጨመራል። አምስት ቀን ኢንኩቤተር ውስጥ ይሞቃል። መድኃኒቱ ያሸነፈበት ጉድጓድ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ይገኛል፤ ፈንገሱ ያሸነፈበት ይደፈርሳል። የሰሌዳው መጨረሻ ረድፍ ደግሞ ምስክር የሚሉት ነው፤ መድኃኒቱ በቀጭኑም እንደሚገድለው አስቀድሞ የሚታወቅ ፈንገስ ይደረግበታል። ምስክሩ ካልሞተ ፈተናው ከንቱ ነው።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ የሠራችው በንዴት ነው። በንዴት የተሠራ ሥራ ደግሞ አያምርም። አምስተኛው ቀን ላይ ስታወጣው የአማቷም፣ የልጇም፣ የምስክሩም ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ደፍርሷል። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ የተጠቀመችው መድኃኒት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው በቀለጠበት ሳምንት የነበረ ነው። የጠርሙሱን ቀን ሳታይ ነው ያነሳችው። ሰሌዳውን መጣያ ውስጥ ወረወረችው።

መጣያ ውስጥ የተጣለ ነገር በዚያ ሆስፒታል ተጥሎ አይቀርም። ረቡዕ ዕለት ሐኪሞቹና የላብራቶሪ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ክፍል ሐኪሟ እጇን አወጣች።

«ላብራቶሪያችን አዲስ ነገር ደርሶበታል» አለች። «ጀማሪ ተማሪ የሚገድለውን ፈንገስ እንኳ መግደል አቅቶታል። ያውም ቅጽ በሌለው፣ ሐኪም ባላዘዘው ናሙና ላይ ነው። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የግል ማሳ የያዘ ሰው ካለ እኛም እንወቀው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የላብራቶሪው ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው ሰውዬ ነው፤ ነገር ይፈራል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ያገላብጥ ጀመር። እመት ሻጋታ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ምን ትበል? ስለ ሰሌዳው የተባለው እውነት ነው።

ከስብሰባው በኋላ ኃላፊው ቢሮው ጠራት። «ተይው» አላት። «የኔ እህት፣ በቤት ጉዳይ ሆስፒታሉን አታስገቢ።»

«በቤት ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱ የማይነካው ፈንገስ ከተማው ውስጥ እየዞረ ከሆነ ነገ በየሰው ጀርባ ላይ ነው።»

«ከሆነ ነው እንግዲህ» አለ ኃላፊው። «ካልሆነስ?»

ሁለተኛውን ሰሌዳ ስትሠራ ምንም አልተናደደችም፤ ወይም ንዴቷ ቀዝቅዞ እንደ ብረት ጠንክሯል። አዲስ ጠርሙስ ከፈተች፣ ቀኑን ሁለቴ አየች፣ ዘሩን በአጉሊ መነጽር እየቆጠረች መጠኑን አስተካከለች። በአምስተኛው ቀን ሰሌዳዋን ወደ መብራት አነሳች። ምስክሩ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ሞቷል፤ እንደሚጠበቀው። የአማቷ ረድፍ ግን እስከ አሥረኛው ጉድጓድ ደፍርሷል። የልጇም እንደዚያው። የሐኪሟ እጅ እየተመሰገነበት ሲዋጥ የከረመው ክኒን ለዚህ ፈንገስ ውሃ ነው። ከሥር ባለው ረድፍ ሌላው መድኃኒት፣ ኢትራኮናዞል፣ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ አቁሞታል። ሦስተኛ ጊዜ ደገመችው። ያው ወጣ።

አሁን የቀረው ከየት መጣ የሚለው ነው። እሱን ያገኘችው በላብራቶሪ አይደለም፤ ልብስ ማስጫው ሥር ነው።

የሐኪሟ ክሊኒክ የምርመራ አልጋ አንሶላዎች የሚታጠቡት እዚያው ግቢ ነበር። ሰማያዊ ናቸው። ሙቅ ውሃ ሰማያዊውን ስለሚያደበዝዘው በቀዝቃዛ ይታጠባሉ። አጥቦ፣ አስጥቶ፣ አጣጥፎ የመመለሱን ሥራ አማቲቱ «የልጄን ዕቃ ሌላ ሰው አይነካውም» ብለው ለራሳቸው ይዘውታል። እመት ሻጋታ ይሄን ለአንድ ዓመት ያህል አይታዋለች፤ ግን አይታው አታውቅም። ያን ቅዳሜ ስታይ፣ አማቷ የታጠፈውን ክምር በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ወገባቸው ላይ አስደግፈው ደረጃውን ይወጣሉ። ልጅቷ ደግሞ አንዱን አንሶላ አንገቷ ላይ ቋጥራ ከኋላ እያስጎተተች «ንግሥት ነኝ» ትላለች።

ወገብና አንገት።

ሮጣ ሄዳ አንሶላውን ከልጇ አንገት ፈታች፤ ልጅቷ አለቀሰች፤ አማቲቱ ከደረጃው ላይ «ምን ሆነሽ ነው ልጅቷን የምታስደነግጫት?» አሉ። ከልጇ አንገት የፈታችውን ትታ፣ ገመዱ ላይ ከተሰጡት አንዱን አንሶላ አውርዳ በከረጢት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ልቧ ውስጥ የገባው ለአማቷ ማዘን አይደለም። ደስታ ነው። ያዝኩሽ ነው ያለችው በልቧ።

አንሶላውን በአራት ሳህን ላይ ጫን ጫን አድርጋ አነሳችው። በዘጠነኛው ቀን በሁለቱ ላይ ያ ነጭ ፈንገስ በቀለ። ፈተነችው። ተርቢናፊን እስከ አሥረኛው ጉድጓድ አልነካውም፤ ኢትራኮናዞል ሦስተኛው ላይ አቆመው። ውጤቱን ስትጽፍ «ከሁለቱ በሽተኞች ጋር ያው ነው» ብላ ጀመረችና ሰረዘችው። ያው ነው ብሎ ለመማል የሚያስፈልገው ምርመራ እዚያ ሆስፒታል የለም። «ተመሳሳይ ነው» ብላ ጻፈች።

እሑድ ምሳ ላይ ሁሉም ምድር ቤት ተሰብስበው ሳለ ወረቀቱን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው። በዝርዝር ነገረቻቸው፤ ክኒኑን፣ አንሶላውን፣ ቀዝቃዛውን ውሃ። «እትዬ፣ ክሊኒክዎ የሚመጡት በሽተኞች ይዘውት ነው የመጡት። በአንሶላው ወደዚህ ቤት ገባ። ክኒኑ አይነካውም። ቅባቱ ደግሞ ስቴሮይድ ያለበት ስለሆነ ማሳከኩን ዝም እያሰኘ ከሥር አስፋፋው» አለች።

ሐኪሟ ወረቀቱን አንስታ አነበበች። ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው።

«የክሊኒኬን ንብረት ማን ውሰጂ አለሽ?»

«አንዲት አንሶላ ናት።»

«ሌብነት ነው። እሺ እሱ ይቅር። እዚህ ላይ ተመሳሳይ ነው ይላል። ያው ነው አይልም። አይልም አይደል?» ወረቀቱን በጣቷ መታችው። «ራስሽም አላመንሽበትም። ከሳህንሽ ያመለጠው ፈንገስ አንሶላዬ ላይ ዐርፎ ቢሆንስ? ይሄንን አስበሻል?»

እመት ሻጋታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የያዘችው አንቱታ እዚያ ላይ አለቀ።

«አንቺ ከላብራቶሪ ነው ስትይ ተመሳሳይ እንኳን አላልሽም» አለች። «አንድ ናሙና ሳታዪ ነው የፈረድሽብኝ። እናትሽን ከሦስት ወር በላይ የማይሠራ ክኒን ስታስውጪ፣ ጀርባቸው ሲቃጠል፣ አንቺን ያስጨነቀሽ እኔ የበር እጀታ መንካቴ ነው።»

መጀመሪያ የተናገረው ባሏ ነው፤ ይሄን ሁሉ ሰምቶ የጎረበጠው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«እህቴን አንቺ አትበያት» አለ።

ዞራ አየችው። እስከዛሬ ያለው ዝምታ ሁሉ ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይሻል ነበር።

አማቲቱ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ አዩት፤ መልሰው ገፉት። «እኔ ቁጥር አላነብም» አሉ። «የተፈተነበትን ዕቃ አሳዪኝ።»

«እማዬ፣ ምን አውቀሽ ልታዪ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ጀርባው የኔ ነው» አሉ አማቲቱ።

ሰኞ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ብቻቸውን መጡ። ናሙና መቀበያው መስኮት ጋ ቆመው «ምራቴን ጥሩልኝ» አሉ፤ ምራቴ ሲሉ ልክ አበዳሪያቸውን የሚጠሩ ይመስል ነበር። እመት ሻጋታ ጋውን አልብሳ አስገባቻቸው። ሰሌዳውን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣ መብራቱን አበራችላቸው።

«ይቺ የእርስዎ ናት» አለች። «ከዚህ እስከዚህ ክኒኑ እየበዛ ይሄዳል።»

አማቲቱ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። «ሁሉም ደፍርሷል።»

«አዎ።»

«ይሄ መጨረሻው ጋ ያለው ከምውጠው ይበዛል?»

«በብዙ እጥፍ።»

«እና ይቺኛዋ?»

«ሌላው መድኃኒት ናት። ከሦስተኛው ጀምሮ ጥርት ብሏል።»

አማቲቱ ቀና አሉ። ዓይናቸው ላይ ምስጋና የሚባል ነገር አልነበረም። «አንቺ ደስ ብሎሻል» አሉ። «እሑድ ዕለት ስትናገሪ አየሁሽ። ፊትሽ ያበራ ነበር። እኔ እንድድን ብለሽ አይደለም ይሄን ሁሉ የለፋሽው።»

መካድ ትችል ነበር። «ለልጄ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለች። «ሲያልቅ ግን ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽዎትም።»

«ይሄንን እንኳ አመንሽ» አሉ አማቲቱ። «ሁለተኛውን ክኒን ማን ነው የሚጽፈው?»

ላይኛው ፎቅ ወዳለው ወደ ሌላ ሐኪም ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ጉበታቸውን በደም አስመርምሮ፣ የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት ጠይቆ፣ ኢትራኮናዞል ጻፈላቸው። ለልጅቷም በክብደቷ ልክ አዘዘላት። ያን ዕለት ማታ አማቲቱ የክሊኒኩን አንሶላ ሁሉ በከረጢት አድርገው ፎቅ ወጥተው የልጃቸው በር ላይ ጣሉትና ምንም ሳይናገሩ ወረዱ።

ሐኪሟ በበኩሏ ዝም አላለችም። ሁለት ገጽ ክስ ጻፈች፤ ያለ ቅጽ ናሙና መውሰድ፣ የሆስፒታሉን መድኃኒት ለግል መጠቀም፣ የሌላ ተቋም ንብረት ማንሳት። ሁሉም እውነት ነው። ኃላፊው እመት ሻጋታን ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት፤ ለሦስት ወርም ከሥራ ጠረጴዛዋ አንስቶ ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ አስቀመጣት። «ጥሩ ሥራ ነው የሠራሽው» አለ ደብዳቤውን ሲያስፈርማት፤ ይሄንን ግን ደብዳቤው ላይ አልጻፈውም።

መስኮቱ ላይ በተቀመጠች በሁለተኛው ሳምንት በሐኪሟ ፊርማ የተላከ ቅጽ ደረሳት። የጭርት በሽተኛ ነው፤ ክኒን ወስዶ ያልዳነ፤ «የመድኃኒት ፈተና ይደረግለት» ይላል። በነጋታው ሁለት መጡ። በወሩ መጨረሻ አሥራ ሰባት ሆኑ፤ በእሷ ቦታ የተተካው ሠራተኛ ፈትኗቸው ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ ሲወጣ፣ ከአሥራ ሰባቱ በአሥራ አንዱ ላይ ተርቢናፊን ምንም አልሠራም። ክሊኒኩም አንሶላውን ትቶ ተጠቅመው የሚጥሉትን ወረቀት ያነጥፍ ጀመር። ሐኪሟ ግን አንድም ቀን ተሳስቼ ነበር አላለችም። ረቡዕ ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ በከተማው መድኃኒት የማይበግረው ጭርት መኖሩን እንደ ራሷ ግኝት አስረዳች። ተጨበጨበላት። እመት ሻጋታ ያን ሰዓት መስኮቷ ላይ የሽንት ብልቃጥ እየተቀበለች ነበር።

አማቲቱ በአሥር ሳምንት ዳኑ። የልጅቷ ከዚያ በፊት ጠፍቶ ነበር። አንድ ቀን እመት ሻጋታ ከሥራ ስትመለስ አማቷ አጥር ላይ ለጎረቤታቸው ሲያወሩ ሰማች። «ልጄ መድኃኒት ቀየረችልኝና ይኸው ነጻሁ» ይላሉ። ምራታቸው መሆኗን አይተው እንኳ ንግግራቸውን አላቋረጡም።

ያን ማታ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ለባሏ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መንገድ ሁለት ክፍል ቤት ማግኘቷን ነገረችው።

«እናቴን ትቼ?» አለ።

«አልተው ካልክ አትተው። እኔና ልጄ ቅዳሜ እንሄዳለን።»

«ታረቁ እንጂ። ነገሩ አለፈ እኮ።»

«በማን ላይ ነው ያለፈው?» አለችው።

ቅዳሜ ልጇን፣ ፍራሽና ሁለት ሻንጣ ይዛ ወጣች። አማቲቱ ከክፍላቸው አልወጡም። ሐኪሟ ፎቅ ላይ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ አይታ መልሳ ዘጋችው። ባሏ መኪናው ላይ ፍራሹን አሰረላቸውና ግቢው ውስጥ ቀረ። በአራተኛው ቀን መሰላሉንና የሽቦ ሣጥኑን ተሸክሞ አዲሱ ቤት በር ላይ ቆመ። እሷም ግባ አላለችውም፤ ሂድም አላለችውም፤ በሩን ክፍት ትታለት ልጇን ማስጠናቷን ቀጠለች። ገባ። ማታውን የተበላሸውን የኮሪደር መብራት ሠራ። ስለ እህቱ ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ወደ ሥራ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሐኪሟን አሁንም በየቀኑ ኮሪደር ላይ ታገኛታለች። ሰላምታ የለም። ሐኪሟ እየሄደች «የትናንቶቹ ደርሰዋል?» ትላለች። «ደርሰዋል» ትላለች እመት ሻጋታ። እትዬም፣ ዶክተርም፣ አንቱም የለበትም። አንዷ ወደ ክፍሏ ትገባለች፤ አንዷ ሰሌዳዋን ልታነብ ትወርዳለች።